ቁልቁለት ያስቀደመ ሠርግ ጠሪ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ደሴ

ሳምንቱን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ ከርሜ፣ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ደግሞ የሳይክል ፔዳል የምረግጥ ሰው ነኝ። ሚስቴ «ጀማል፣ አንተኮ ዕድሜህን ሙሉ ስትረግጥ ኖረህ የትም ያልደረስህ ሰው ነህ» ትለኛለች። በዚህ ቅዳሜ ግን የምደርስበት ነበረኝ፤ ያውም ሁለት ጉዳይ ይዤ።

አንደኛው የራሴ አምሮት ነው። ከደሴ ወደ ገራዶ ወርዶ፣ ከገራዶ በደሴ ዙሪያ ገጠር ጠጠር መንገድ ወደ ቦሩ ሜዳ ወጥቶ፣ ተመልሶ በሐረጎ ኮምቦልቻ የሚገባ የሳይክል መንገድ ማግኘት ካማረኝ ቆይቷል። አስፋልት ላይ ከሲኖትራክ ጋር ትከሻ ለትከሻ መጋፋት ሰልችቶናል። ጓደኞቼ «አንተ ቀድመህ ሞክረው፤ ከተረፍህ እንከተልሃለን» ብለውኛል።

ሁለተኛው ይበልጣል። የእህቴ የዘይነባ ልጅ ሐያት ልታገባ ነው፤ ሠርግ ጠሪው እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ሠርግ በስልክ አይጠራም። በስልክ የተጠራ ዘመድ ቢመጣም ቅር እያለው ነው የሚመጣ። ደጁ ድረስ ሄደህ፣ ቆመህ፣ «አፈር ስሆን እንዳትቀሩብን» ማለት አለብህ።

ሐያት ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። አባቷ አሊ ገና ድክድክ ስትል ነው የሞተ። ወንድም የላትም። ስለዚህ በኒካሕዋ ቀን ወሊይ ሆኖ የሚድራት የአባቷ ታላቅ ወንድም አያ እንድሪስ ነው፤ የሚኖረው ቦሩ ሜዳ ነው። አሊ ሲሞት አያ እንድሪስ ልጅቷን እኔ ላሳድግ ብሎ ነበር። እህቴ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ይዛት ኮምቦልቻ ወረደች። አልተጣሉም፤ ግን በዒድ ሰላምታ ይላላካሉ እንጂ እግር ከእግር ተለያይቷል። ሐያት እሱን ያየችው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

ከአርብ ማታ ጀምሮ እኛ ቤት ነበረች። ሻይ በዳቦ እየበላን፣ የሳይክሏን ካቴና ዘይት እየቀባች «አጎቴ፣ እምቢ ቢልስ?» አለችኝ።

«ሰይድ አለ አይደል» አልኋት። ሰይድ የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ የገራዶ አትክልት ገበሬ፣ ሳቂታ ሰው።

«ታላቅ እያለ ታናሽ አይድር! አያ እንድሪስ ካኮረፈ ቃዲው ነው የሚድረኝ። ሁለት አጎት እያለኝ ሰው እንደሌላት በቃዲ ልዳር?» አለችና ካቴናውን ደጋግማ ጠረገችው። እናቷ «ሙሽራ ራሷ ሠርጓን ስትጠራ የት ታይቷል!» ብትላትም «እምቢ የሚለኝ ከሆነ ፊቴን እያየ ይበለኝ» ብላ ነው የመጣችው።

መንገዱን በስልኬ ካርታ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቁልቁለቱ፣ ከዚያ ሰውነት ሲሟሟቅ ዳገቱ፣ ማታ ቦሩ ሜዳ አድሮ እሁድ ወደ ኮምቦልቻ። የሳይክል ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብለት ዕቅድ ነበር።

ወደ ገራዶ

ከፒያሳ ወጥተን የከተማው ጫጫታ ከኋላችን ሲቀር ጠጠሩ ጀመረ። የጥቅምት ጠዋት ነው። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል፤ ጦሳ ተራራ ጫፉ ላይ እንኳ ጉም የለበትም። ባሕር ዛፉን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ሐያት ፍሬኗን ለቀቀችው። ሻሿ ላይ ሄልሜቷን ደፍታ፣ ረዥም ሸሚዟ በነፋስ ተነፍቶ እንደ ወፍ በረረች። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጬ፣ ያለፈ ያገደመውን ዱዓ እያልሁ ወረድሁ። ጥርሳም ጎማ ካላስገባችሁ ይህን መንገድ አትሞክሩት፤ ጠጠሩ ከላይ ልቅ ነው፣ ኩርባው ላይ ይንሸራተታል።

ስትወርዱ አየሩ ይለወጣል። ላይ ጃኬት ያስፈልጋል፣ ታች ሸሚዝ ይከብዳል። ገብሱ ይቀርና በቆሎው፣ ከዚያ ቲማቲሙ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ሸንኮራው ይመጣል። የመስኖው ውኃ መንገዱን አቋርጦ ስለሚያልፍ እግራችን ራሰ። ጎመን ተሸክመው ወደ ሚኒባስ የሚሄዱ አንዲት እናት ሐያትን አይተው ቆሙ።

«ሴት ልጅ ናት እንዴ?»

«አዎ እማማ፣ ሴት ነኝ።»

«ማሻአላህ! በይ እንግዲያ ይችን ጎመን ጫኝልኝ፤ መንዳቱንስ አየነው!» አሉና አብረዋት ሳቁ።

ሰይድ ቤት ስንደርስ ከእርሻው እጁን እየጠረገ ሮጦ መጣ። ሚስቱ ፋጤ እርጎ፣ የበቆሎ እሸት፣ ትኩስ ቂጣ አቀረበች። እኔም ወግ ነውና ሳልቀመጥ ቆሜ፣ «ሰይድ፣ የወንድምህን ልጅ ልንድር ነው፤ አፈር ስሆን እንዳትቀሩብን» አልሁ። ፋጤ ቃሌን አላስጨረሰችኝም፤ እልልታዋን ለቀቀችው። ጎረቤት ከየጎመኑ መሐል ቀና ቀና አለ፤ አጥሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ፤ ምርቃቱ ወረደ። ፋጤ አንድ ትልቅ ፓፓያ እንዳይላላጥ በአረንጓዴ ሻሿ ጠቅልላ «ለዘይነባ» ብላ ከኋላ ዕቃ መጫኛዬ ላይ አሰረችልኝ። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ያለበትን መንገድ እንዴት እስከ ዛሬ ሳልነዳው ቀረሁ እያልሁ እሸቴን እግጣለሁ።

«ለመሆኑ አያ ምን አለ? ደስ አለው?» አለ ሰይድ።

«ገና ነን። ከዚህ ተነስተን ወደ እሱ ነን» አልሁ፣ አፌ በእሸት እንደተሞላ።

የሰይድ እጅ ማዕዱ ላይ ቀረ። «ምን? እኔን ከአያ በፊት ጠራኸኝ?»

ሐያት ወደ እኔ ዞረች። እኔም ያን ጊዜ ነው የነቃሁ። ጥሪ ከታላቅ ይጀመራል፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ታናሽን አስቀድሞ ታላቅን ማስከተል ታላቁን አለመጥራት ነው። ወላሂ፣ በልቤ ክፋት አልነበረም። ካርታው ላይ ያየሁት ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ታላቅና ታናሽ አልነበረም።

«ዳገቱ... መጀመሪያ ሰውነት እንዲሟሟቅ ብዬ...» ብል ሰይድ ተነሳ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም። እናንተም አልመጣችሁም። ፋጤ፣ እልል አላልሽም!»

«ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ?» አለች ፋጤ።

«በርበሬው አምሮልን ነው በያቸው!» ካለ በኋላ ራሱን ያዘ። «ጉድ ፈላ! አሁን አጥሩ ላይ የነበረችው ጎረቤታችን ልጇን የዳረችው ቦሩ ሜዳ፣ ከአያ አጥር ሥር ነው። ዛሬ ጎመን ሸጣ ልጇ ዘንድ ልትሄድ ነበር። አያ ይህን ከሷ አፍ ከሰማ አለቀ። ተነሱ! ቀድማችሁ ድረሱ!»

ሐያት አልተቆጣችኝም። ሄልሜቷን አጥልቃ «አጎቴ፣ ንዳ» ብቻ አለችኝ። ከስድብ ይልቅ እሱ አመመኝ።

ዳገቱ

ከገራዶ ወደ ቦሩ ሜዳ የሚያወጣው መንገድ ውብ ነው፤ ለማይቸኩል ሰው። በግራ ሸለቆው እየሰፋ ይሄዳል፣ በቀኝ የድንጋይ እርከን ያለው ማሳ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። እኔ ግን የሐያትን የኋላ ጎማ እንጂ ሌላ ያየሁት የለም። ሚኒባሱ በደሴ ዞሮ፣ ሰው ጭኖ አውርዶ ነው የሚመጣ፤ እኛ በአቋራጭ ነን። ልብ ካለ ይደረሳል አልሁ። ልብ ነበረኝ፤ እግር ጠፋ እንጂ።

አጋማሽ ላይ የግራር እሾህ የሐያትን ጎማ በሳው። ከመነዳሪውን፣ የውስጡን ጎማ፣ አውጥተን ስንለጥፍ፣ ጥግ ላይ ባቄላ የሚወቁ ሽማግሌ ሥራቸውን ትተው መጡ። አሹቅ በሰፌድ ይዘዋል።

«አፈር ስሆን፣ ሳትቀምሱ አታልፉም።»

«አባባ፣ ሠርግ ልንጠራ ነው፣ በጣም ቸኩለናል» አለች ሐያት። ይህ ሁለተኛው ስሕተት ነበር።

«ሠርግ! እንግዲያማ ዱዓ ሳናደርግ?» አሉና ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ለሙሽራዋ አደረጉ፣ ለሙሽራው አደረጉ፣ ለሚወለዱት አደረጉ፣ ለዝናቡ፣ ለበሬዎቻቸው፣ ለሀገር ሰላም፣ በመጨረሻ «ጀሊሉ እነዚህንም ብረቶች ከእሾህ ይጠብቃቸው» ብለው ለሳይክሎቹ አደረጉ። «አሚን! አሚን!» አልን፤ አይናችን መንገዱ ላይ። እኔ በልቤ «የአያ እንድሪስንም ልብ አራራልን» ብዬ ጨመርሁ። ደግነታቸውን አልረሳውም፣ ግን ሚኒባሷ በዚያ ዱዓ ውስጥ ደሴን አልፋለች።

ቦሩ ሜዳ

ከዳገቱ ጫፍ ላይ አገሩ ድንገት ይለጠጣል። ያ ሁሉ ገደል ያለፈ ሰው ሜዳ ሲያይ ማመን ያቅተዋል። ድሮ ነገሥታት ከነሠራዊታቸው የሰፈሩበት ሜዳ ዛሬ የገብስ ማሳና የከብት መስክ ነው። ነፋሱ ይቆርጣል። ሆስፒታሉን አልፈን በገብሱ መሐል በምታልፍ ቀጭን ጠጠር ገባን፤ የአያ እንድሪስ ቤት ከባሕር ዛፉ ሥር ታየን።

ደጃፉ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። አያ እንድሪስ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ተቀምጧል። ከጎኑ ደግሞ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ሰይድ! እኛ ዳገት ስንገፋ እሱ ለካ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቀድሞናል።

«እንዴ! ሐያት! አንቺ ልጅ፣ ስንት ዘመንሽ ነው! እንዴት አደግሽ ጃል!» ብሎ ሰይድ ተነስቶ አቀፋት፤ ጠዋት ያላየን መስሎ። እሸቱ ገና ከሆዳችን አልወረደም። ሐያት ከንፈሯን ነክሳ «ደህና ነህ አጎቴ?» አለች።

ዘዴው ገባኝ። ጥሪው ታላቁ ደጅ ላይ ሲነገር ታናሹ ከጎኑ ሆኖ ሊሰማ ነው። ደግ ሰው!

አያ እንድሪስ ተነስቶ እጄን ጨበጠ። «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ጀማል» አለኝ። ይህ ሰው በታላቅነቱ ሁሌም «አንተ ጀማል» ነበር የሚለኝ፤ አንቱታው የኩርፊያ ነው። ከዚያ አይኑ ወደ ሳይክሌ ሄደ።

«ፓፓያ» አለ። «ቦሩ ሜዳ ከመቼ ወዲህ ፓፓያ አበቀለ?»

«ደሴም እኮ ይሸጣል አያ» አለ ሰይድ ፈጠን ብሎ።

«በፋጤ ሻሽ ተጠቅልሎ?»

ሰይድ ወደ መሬት አየ። እኔ መሬት ብትውጠኝ አልጠላሁም ነበር። የተዘጋጀሁበት ማስተባበያ ሁሉ ጠፋና እውነቱን ተናገርሁ። «አያ እንድሪስ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷ አታውቅም። መንገዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በሳይክል ስለምንመጣ ቁልቁለቱን አስቀደምሁ። ከእርስዎ በፊት ሰይድ ቤት ገባን።»

አያ እንድሪስ ወደ ሳይክሌ ጎማ አየ። «ዳገቱን ፈርተህ ነው?»

«ፈርቼ ነው።»

«ፈርተህ» ሲለኝ ወደ «አንተ» መለሰኝ፤ ትንሽ ተነፈስሁ። እሱ ግን ወደ ሐያት ዞረ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ሠርግሽን ቀድሜ ሰምቻለሁ፤ ከገራዶ የመጣችው ሴትዮ ነግራኛለች። ትምህርት ጨረሰች ሲባል ከሰው ሰማሁ። ሥራ ገባች ሲባል ከሰው ሰማሁ። እናትሽን አልፈረድሁባትም፤ እንጀራ ነው። ግን የአሊን ልጅ ሠርግ እንኳ ከራሷ አፍ እሰማለሁ ብዬ ነበር።»

ሐያት እንባዋ ወረደ። «ወላሂ ከቤት የወጣሁት እርስዎን ብዬ ነው» አለች። «አጎቴን ሰይድን እወደዋለሁ፤ እንቅልፍ ያሳጣኝ ግን የእርስዎ ነገር ነው።»

«ተመስገን፣ እኔስ ማንን እንቅልፍ ላሳጣ» አለ ሰይድ ቀስ ብሎ።

አያ እንድሪስ አልሳቀም። «ውጡ» አለን።

ሐያት የሳይክሏን መሪ ያዘች።

«ውጡና በበሩ ግቡ። እንግዳ ሲገባ አላየሁም።»

ሳይክሎቻችንን ገፍተን ከግቢው ወጣን፤ አጥሩ ሥር እንባዋን ጠረገች፤ ዞረን ገባን። «አሰላሙ አለይኩም!» ስንል «ወአለይኩሙ ሰላም! ከየት የመጣችሁ እንግዶች ናችሁ?» አለ። ቆሜ ጥሪዬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረድሁ። «ሰማሁ፤ እመጣለሁ፤ ኢንሻአላህ» አለ። ሰይድ እልል ሊል አፉን ሲከፍት አያ እንድሪስ በእጁ አስቆመው።

«አሁን ትልቁ ተጠርቷል። ነገ ጠዋት ገራዶ ውረዱና ሰይድን ጥሩት።»

«እኔኮ እዚሁ አለሁ አያ!»

«አንተ የለህም» አለው፤ ያን ጊዜ ነው ፂሙ ውስጥ ፈገግታውን ያየሁት።

ያን ምሽት ቅቤ የጠገበ ጭኮ በላን። ፓፓያውንም በላነው፤ አያ እንድሪስ ደግሞ አስጨመረ።

እሁድ፣ ቁልቁለቱ

ሰይድ «የሌለ ሰው እቤቱ መገኘት አለበት» ብሎ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደ። ሐያት ጎማዋን ንፋስ ስትሞላ አያ እንድሪስ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ልጁ ሶላቱን የያዘ ነው?»

«አዎ። ጥሩ ሰው ነው፣ መካኒክ ነው፣ ሲስቅ...» ብላ ልትቀጥል ስትል አስቆማት።

«እንግዲህ ወሊይሽ ነኝ፤ ልጠይቅሽ ግድ ነው። ለዚህ ልጅ ብድርሽ ፈቃድሽ ነው ወይ?»

እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ለዚህ ጥያቄ አዎ አትልም። ካልፈለገች ትናገራለች፤ ከፈለገች ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው። ከደሴ ጀምሮ አፏ ያላረፈ ልጅ ፓምፑን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። አያ እንድሪስ ጠበቀ። «አልሐምዱሊላህ» አለና ራሷን በእጁ ነክቶ ወደ ገብሱ ሄደ። እኔ ካቴናዬን የማይ መስዬ አቀረቀርሁ፤ አይኔን አቧራ ገብቶት ነበር ብል ማን ያምነኛል።

ይህን መንገድ ለምትነዱ ሁሉ ልንገራችሁ፤ ከቦሩ ሜዳ ወደ ገራዶ ነው መንዳት ያለባችሁ። ትናንት ያንገላታን ዳገት ዛሬ ሸለቆውን ሁሉ ፊታችን ዘርግቶ ያወርደናል። እርከኑን አየሁት፣ ወንዙን አየሁት፣ ባቄላ የሚወቁትን ሽማግሌ ከሩቅ «ደረስን አባባ!» ብለን ሳንቆም አለፍን፤ ከቆምን ዱዓ አለ። ገራዶ ስንገባ ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ «እናንተ እነማን ናችሁ?» አለን። ፋጤ እንደ አዲስ እልል አለች፤ እርጎውም እሸቱም እንደ አዲስ ቀረበ። የምትበሉበት ሆድ ይዛችሁ ኑ።

ከገራዶ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት ገሚሱን ነዳን፣ ገሚሱን ገፋን። ከደሴ በኋላ ሐረጎ ነው። አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ኮምቦልቻ ከነፋብሪካ ጭሷ፣ ከነቦርከና ሸለቆዋ ከታች ትታያለች። ሙቀቱ እየጨመረ ጃኬታችንን አወለቅን። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት አለ፤ ለጓደኞቼም በስልክ የላክሁላቸው ይህንኑ ነው። መንገድ ስታወጡ ከፍታውን ብቻ አትዩ፤ ማን የት እንደሚኖር ጠይቁ። አገራችን ላይ ዳገቱም ቁልቁለቱም ሰው አለበት፤ ሰውም ተራ አለው።

አሥር ሰዓት ገደማ ከእህቴ ደጅ ደረስን። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደቆመች ጎረቤቷ ነገረችኝ። ስለ መንገዱ አልጠየቀችንም። ውኃም አላቀረበችም። የልጇን ፊት ብቻ እያየች «ጠየቀሽ?» አለች።

«ጠየቀኝ» አለች ሐያት።

«ምን አልሽው?»

«ምንም።»

እህቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ጣለችና ሰፈሩ እስኪናጋ እልል አለች።